አራተኛው ሬሳ

በመጋቢት መጡ፣ በሦስት ጀልባ ሙሉ፣
«ትልቅ ፊልም ነው፣ የስለላ» እያሉ፣
«ቀልድም አለበት፣ ፍንዳታም፣ ሁሉም ነገር።»
ከንቲባው ዬርኮ ከረባት አስሮ ሲናገር
የበጀቱን ቁጥር ጠርቶ መጨረስ አቃተው፤
ዜሮው በዛበትና መሃል ላይ ተወው።

ደሴታችን ያን ሰሞን ስሟን ተቀማች፤
በቀለምና በካርቶን ሌላ አገር ሆነች።
«የት አገር ነን አሁን?» ብለን ብንጠይቃቸው
«ስም የለውም» አሉን፣ «ብቻ ፀሐይ ያለው፣
በየሳምንቱ መንግሥት የሚወድቅበት ነው።»
የቶንካን አንሶላ ከገመዷ ላይ አውርደው
የራሳቸውን ሰቀሉ፣ ጭቃ ውሃ ነክረው፤
«ያንቺማ በጣም ነጣ፣ ማንም አያምነው።»

እኔ፣ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፣
ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ተሰልፌ ቆምኩ።
አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ በእጇ መዝገብ ይዛ፣
ፊቴን ገልበጥ አርጋ አየች፣ በግ እንደምትገዛ፤
«ይሄ ሬሳ ይሁን» አለች።
ሆንኩ።
አራተኛው ሬሳ፣ ከአደባባዩ ምንጭ ሥር፤
ከእኔ በፊት ሦስት፣ ከእኔ ወዲያ ሰባት ነበር።
ሞቶ መዋል እንዲህ እንደሚያደክም
በሕይወት ሳለሁ የነገረኝ የለም።

በዘጠነኛው ቀን ሰላዩ በሽቦ ታስሮ
ከሰገነት ሲወርድ፣ ከጣሪያ ጣሪያ በርሮ፣
ትከሻዬን ረገጠና «ይቅርታ፣ አባባ» አለኝ።
ከአፉ ከወጣው ሁሉ ያ ቃል ብቻ ደስ አለኝ፤
ማንም አልጻፈለትም።
ቆርጠው ጣሉት።

ሺሜ የአባቱን ጀልባ ሸጠላቸው፣ ለእሳት።
በዋጋው ሁለት አዲስ ይገዛ ነበር፣ ምናልባት።
ስትፈነዳ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤
ዳይሬክተሩ ምስሉን አየ፣ አጉረመረመ፣
«ይደገም» አለ።
ሺሜ ሳቀ። ያን ሳቅ
እኔ አልረሳውም፤ እንደ ሰው ነው፣ ሲታነቅ።

ፊልሙ የደረሰን በሚቀጥለው ጥር።
የዲንካ ሲኒማ ቤት መቶ ዐሥራ ሁለት ወንበር፣
ማሞቂያው በግራ በኩል ብቻ የሚሠራ፤
መቶ ሠላሳ ሰው ገባ፣ ሁሉም ወደ ግራ።

ሰላዩ ይመታል፣ ይቀልዳል፤ ይቀልዳል፣ ይመታል፤
ጓደኛው ቀልዱ ቀልድ መሆኑን ያስረዳል።
ክፉው ሰው ዓለምን በሙሉ ይፈልጋል፣
ምን ሊያደርግባት እንደሆነ ግን አይነግረንም።
ጥይት እንደ በረዶ ይወርዳል፣ የሚመታው የለም፤
ቀልዱም እንደ ጥይቱ፣ አንዱም እኛን አላገኘንም።
ሦስት ከተማ ነደደ፣ አንድ ሸሚዝ አልቆሸሸም።
ያ ሁሉ ወርቅ ወጣ፤ ሰሙ እንኳ አልቀለጠም።
ፋርማሲስቷ ሉክሬሲያ ከኋላዬ አንኮራፋች።

ከዚያ እኛ መጣን። አራት ሰከንድ።
ቀኑን ሌሊት አድርገውታል። የቶንካ ገመድ፣
ምንጩ፣ የምትከንፍ መኪና፣ ከጎማዋ ወዲያ
የግራ እግር ጫማዬ፣ ብቻውን፣
ሰው እንደረሳው ዕቃ።
በቀኝ ጥግ፣ ሳይቀጠር፣ ደመወዝ ሳያነሳ፣
የዳቦ ጋጋሪው የፍራኔ ውሻ ብቅ አለ፤
ሦስተኛውን ሬሳ
አሸተተና እግሩን አነሳ።
ሲኒማ ቤቱ ፈረሰ!
የቶንካ እንባ አገጯ ድረስ ፈሰሰ፤
ሦስተኛው ሬሳ ራሱ፣ ፖስተኛው ቪትሶ፣
ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳ።

ወዲያው ጀልባዋ ነደደች፤ ዝም አልን።
«ዲንካ» አለ ሺሜ ከጨለማው፣ «መልሺው።»
መለሰችው፣ ወደ ኋላ፣ ቀስ አድርጋ፤
እሳቱ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጭሱ ታጠፈ፣
ሳንቃ ሳንቃውን ከአየር ላይ ለቀመ፣
ምሰሶው ቀና አለ፣ ውሃው ተኛ፤
ከሐሰት ቀለሟ ሥር
የአባቱ የእጅ ጽሑፍ ይታያል።
«እዚህ ላይ አቁሚው።»

አቆመችው።
እስኪበርደን ድረስ አየናት፣
በግራ በኩል የተቀመጥነው ሳንቀር።
የቀረውን ፊልም አላየንም።
ዓለም መትረፏን የሰማነው ኋላ ነው፣
ከወደብ ማዶ፣
ከአንድ የጥርስ ሐኪም።